የሜዳ ሳል

ወገዳ ገበያ ዳር ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኝ። የመሬት ክርክር፣ የውርስ ነገር፣ የከብት ስርቆት፣ የሌላውን አቤቱታ ስጽፍ ዓመታት አልፈዋል፤ የራሴን ግን ጽፌ አላውቅም። ይህ ለዳኛ የሚቀርብ አይደለም። ቤቱ ውስጥ የሚስል ሰው እያለ «የቆየበት ነው፣ ልማዱ ነው» ብሎ ለሚያልፍ አባወራ ነው። ሕመሙን የሚደብቅ ጎረምሳ ካለም እሱም ይስማኝ። ሁለቱንም ስሕተት እኛ ቤት ሠርተነዋል። የሠራነው ባለማወቅ ብቻ ቢሆን ባላፈርኩ ነበር፤ በኩራት ጭምር ነው።

ቤታችን የፈረሰኛ ቤት ነው። ቅድመ አያቴ ለአገሩ ባላባት ፈረሰኛ ያሠለጥኑ ነበር፤ ከእሳቸው አያቴ፣ ከአያቴ አጎቴና አባቴ ተቀበሉ። ሲማዳም ሆነ እስቴ ለጥምቀት ጉግስ ሲወጣ ከእኛ ሜዳ የሠለጠነ ልጅ የሌለበት ወገን አሸነፈ ሲባል አልሰማሁም፤ ብሰማም አላምንም ነበር። ጉግስ ላላየ ሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ አንዱ ወገን በፈረስ ይሸሻል፣ ሌላው እየተከተለ ዘንግ ይወረውርበታል፣ የሚሸሸው ወደ ኋላ ዞሮ በጋሻው ይመክታል። ፈረስ በሽምጥ እየጋለበ መዞር ግን ወገብ ይጠይቃል። የእኛ ቤት ሀብት ወገብ ነበር።

አባቴን በስማቸው የሚጠራ የለም፤ በፈረሳቸው ስም አባ ደመና ይሏቸዋል። ጠዋት ሜዳው መሃል ይቆማሉ፣ እኛ ዙሪያቸውን እንጋልባለን። በጉልበታችንና በፈረሱ ጎን መሃል የገብስ ዛላ ያስይዙናል፤ ዛላው የወደቀበት ያን ቀን ፈረሱን እየሳበ በእግሩ ወደ ቤቱ ይገባል። ከፈረስ የወደቀ ደግሞ አቧራው ሳይረጋ ተመልሶ መውጣት አለበት። የተመታውን ቦታ በእጁ ከዳበሰ ለሳምንት መሳቂያ ነው። «ሕመምህን ፈረሱ ካወቀብህ አለቀልህ» ይሉን ነበር። እኔ ደግሞ ልጃቸው ነኝና ከፈረሱም ከሰውም መደበቅን ከሁሉ ቀድሜ ቻልኩበት።

ሌላም ነገር ወርሰናል። አያቴ ይስሉ ነበር አሉ። አጎቴ እየሳለ፣ እንደ ጭራሮ ደርቆ ሞተ። አባቴም ከማስታውሰው ጊዜ ጀምሮ ይስላሉ፤ ደረቅ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ እየተቆረጠ የሚወጣ፣ መጨረሻው ላይ ማቃሰት ያለበት ሳል ነው። ዕድሜ ልኩን ሜዳ ላይ ቆሞ አቧራ ሲቅም የኖረ ሰው ምን ይሁን? ስሙም «የሜዳ ሳል» ነበር። ሳል ያልጀመረው አሠልጣኝ ገና ጥሬ ነው እየተባለ ይቀለዳል። እኔ ራሴ በጎረምሳነቴ ብቻዬን ስሆን የአባቴን አሳሳል እለማመድ ነበር። እንዲህ ያለ ቤት ነው የምነግራችሁ።

ልምምዱ ሲያበቃ እናቴ ጥሩነሽ ጠላ በትልቅ ዋንጫ ይዛ ትመጣለች። መጀመሪያ አባቴ ይጠጣሉ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ የዕለቱ ጎበዝ፣ ከዚያ የቀረው በየተራው። ከአባ ደመና እጅ ተቀብሎ፣ ከንፈራቸው ከነካው ላይ መጠጣት ሹመት ነው። የተሾመው ልጅ ያን ቀን መንደሩን ደረቱን ነፍቶ ይዞረዋል። እኔ ብዙ ቀን ተሾምኩ።

ሕመሙ የጀመረኝ በመኸር ነው፣ ገብስ ስናጭድ። ማታ ማታ ላብ ያጠምቀኛል፣ ሰውነቴ ይቀንሳል፣ ከትከሻዬ ዝቅ ብሎ አከርካሪዬ ላይ አንዲት ቦታ ትወጋኛለች። ጎንበስ ብዬ ስነሣ እጄን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ነው። እናቴ አየችኝና ምን ሆንክ አለችኝ፤ ማጭድ የያዘ ሰው ወገቡ ምን ይላል ብዬ አሳቅኋት። ጥምቀት እየቀረበ ነበር፤ ታምሜያለሁ ብል አባቴ ከሰልፉ እንዳያወጡኝ ፈራሁ።

የጥምቀት ዕለት ወደቅሁ። ከእስቴ ወገን አንድ ፈረሰኛ የወረወረው ዘንግ ጋሻዬን ስቶ ትከሻዬን አገኘኝ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን የማይነቀንቀኝ ምት ነው። መሬት ላይ ሳርፍ ዓይኔ ጨለመ። አቧራው ሳይረጋ ግን ፈረሴ ላይ ነበርኩ፤ ሴቱ እልል አለ፣ አባቴም ከሩቅ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ከዚያ ወዲያ ጀርባዬን ያመኛል ብል የሚታዘበኝ የለም። ውድቀቱ ጥሩ ምክንያት ሆነልኝ። ከመውደቄ በፊት ሁለት ወር ሙሉ ሲያመኝ እንደነበር ለማንም አልተናገርኩም። መንገዱን ሁሉ ያሳተችን ይህች ዝምታ ናት።

ከፈረስ ለወደቀ ሰው የሚጠራው ወጌሻ ነው። የእኛ ወጌሻ እጁ የተመሰከረለት ሽማግሌ ነበር፤ የስንቱን ፈረሰኛ ክንድና ቁርጭምጭሚት መልሷል። አከርካሪው ተላልፏል አለ። በቅቤ አሸኝ፣ ከዚያ ጀርባዬን በጉልበቱ ተጭኖ ትከሻዬን ወደ ኋላ ሳበው። ይህን ሦስት ቀን ደጋገመ። አባቴ አጠገቤ ቆመው ያያሉ፣ እኔም ጥርሴን ነክሼ ድምፅ አላወጣሁም። ጮኼ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይተወኝ ነበር። በሳምንቱ ያች የምትወጋ ቦታ ላይ ባቄላ የምታህል ጉብታ ወጣች፤ እያደር የዶሮ እንቁላል አከለች።

ወጌሻው ሲያቅተው፣ ከመንገድ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ መርፌ የሚወጋ ድሬሰር አለ ተባለ። በበቅሎ ላይ ታስሬ ሄድኩ። ከደጁ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ግማሽ ቀን ጠበቅን፤ ማን ቀድሞ እንደመጣ የሚያውቅ የለም፣ ጉልበት ያለው ይገባል። መቀመጥ ስለማልችል መሬቱ ላይ በደረቴ ተኛሁ። አንዲት የማላውቃት አራስ ነጠላዋን አጣጥፋ ከግንባሬ ሥር አደረገችልኝና እሷ በቀሚሷ ብርድ ላይ ቀረች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። ድሬሰሩ ከፈረስ መውደቄን ሲሰማ ልብሴን ሳያስወልቅ ቁርጥማት ነው ብሎ ፔኒሲሊን ወጋኝ። ከዚያ ደግሞ ሰው የመከረው የጋለ ብረት መጣ፤ ጀርባዬን ሦስት ቦታ ተተኮስኩ። ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ፤ ሕመሙ ግን ንቅንቅ አላለም።

ባላገር ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ነው የሚጋልበው፤ እርካቡን የሚይዘው በአውራ ጣቱ ነው። ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት፣ ተሽሎኛል ብዬ አባቴን ላስደስት ፈረስ ላይ ወጣሁ። ጣቴ እርካቡን ይያዝ አይያዝ አላወቅሁም። ዝቅ ብዬ ማየት ነበረብኝ። በዕድሜዬ እግሬን አይቼ ኮርቻ ላይ ተቀምጬ አላውቅም፤ ያን ጊዜ የገባብኝን ፍርሃት በቃል ልነግራችሁ አልችልም። በወሩ ከደጃፉ እስከ አጥሩ መሄድ ተሳነኝ። በግንቦት ከወገቤ በታች ያለው ሁሉ የእኔ አልሆን አለ፤ ሽንቴንም መቆጣጠር አቃተኝ። እናቴ እንደ ሕፃን ታጥበኝ ጀመር። አባቴ እኔ ወደተኛሁበት መግባት ቀነሱ። ያን ጊዜ የናቁኝ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ላይ ስረዳ ማየት አቅቷቸው ነው።

የእናቴ ታላቅ ወንድም የኔታ ፈንታ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ጠበል እንዲረጩኝ ተጠሩ። ጸሎቱን አድርሰው ጉብታዋን በጣታቸው ዳሰሱ፣ ግንባሬንም ነኩ፣ ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ።

«ይህ ወለምታ አይደለም» አሉ። «ወለምታ ትኩሳት የለውም። ጠበሉንም ይጠጣ፣ ደብረ ታቦር ወስደህም ሐኪም ይየው። ሁለቱንም የፈጠረ አንዱ ነው።»

አባቴ ተከራከሩ። ከፈረስ የወደቀ ልጅ ሐኪም ምን ያደርግለታል፣ እኔስ ስንት ጊዜ ወድቄ ተነሥቻለሁ አሉ። የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው አባቴ እሺ እስኪሉ ድረስ ተቀመጡ። በማግስቱ አባቴ ለሕክምናው ደመናን ሸጡት። ስሙ ግን አብሮ አልተሸጠም፤ ሰው አባ ደመና ማለቱን አልተወም፤ እሳቸውም በጠሯቸው ቁጥር አንገታቸውን ይደፉ ነበር።

ስምንት የሜዳው ልጆች በቃሬዛ ተሸክመውኝ በእስቴ በኩል ሦስት ቀን ተጓዝን። ፈረሰኛ ሸክም አይችልም፤ ዳገት ላይ ትንፋሽ ሲያጥራቸው «ከፈረስህ የከበድክ አንተ ነህ» እያሉ ይቀልዱብኛል፣ እኔም እስቃለሁ። እናቴ ስንቁን አዝላ ከኋላ ትከተላለች። አባቴ ፊት ፊት ይሄዳሉ። እኔ ሰማይ ሰማዩን ብቻ ስለማይ፣ መንገዱ ወዴት እንደሚዞር የማውቀው በሳላቸው ነበር። ሳላቸው ያጽናናኝ ነበር ብል ታምኑኛላችሁ?

ሐኪም ቤቱ ደጅ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ሁለት ቀን ጠበቅን። በሦስተኛው ቀን ራጅ ተነሣሁ፤ ራጅ የሚሉት የውስጥ አጥንትን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ነው። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ የሚያስተረጉምለት ረዳቱ፣ መኮንን የሚባል የእስቴ ሰው ነበር። ሐኪሙ ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አሳየን። ሁለት የአከርካሪ አጥንቶች ተበልተው እርስ በርስ ገብተዋል። ነቀርሳ ነው አለ። እኛ ነቀርሳን የምናውቀው በሳንባ ነው፤ እሱ ግን በደም ዞሮ አጥንትም ይገባል፣ አጥንቱ ሲፈርስ ወደ እግር የሚወርደውን ጅማት ይጫነዋል ብሎ አስረዳን። መውደቄን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ በፊት የጀመረ ነው አለ። ቀጥሎ ቤታችሁ የሚስል ሰው አለ ወይ ብሎ አስጠየቀን።

«የለም» አልኩ።

«የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች እናቴም።

አባቴ ውጭ የተሸከሙኝን ልጆች እየሸኙ ነበር። እኛም አልዋሸንም። የተጠየቅነው ስለ በሽታ ነው፤ የአባቴ ሳል ደግሞ ለእኛ በሽታ አልነበረም።

ከአንገቴ እስከ ጭኔ በጀሶ ታሸግሁ። አጥንቱ እስኪገጥም መነሣት ቀርቶ መገላበጥም የለም፤ በየቀኑ መርፌ፣ በየቀኑ ክኒን። አባቴ እርሻው እንዳይቀር ወደ አገር ተመለሱ፣ እናቴ ልታስታምመኝ ቀረች። ክረምቱ እንዴት እንዳለፈ ከጣሪያው ቆርቆሮ ድምፅ ነው የማውቀው። ከጀሶው ሥር ሲያሳክከኝ እናቴ ከመጥረጊያ ላይ ሰበዝ መዝዛ ታክልኝ ነበር፤ ያች ሰበዝ የሰጠችኝን ደስታ ያህል በሕይወቴ ጥቂት ነገር ነው የሰጠኝ። ሌላው ፍርሃት ነው። እግሬን በልቤ አዘዋለሁ፣ እግሬ አይሰማኝም። ከእንግዲህ የምሆነው ይኸው ነው እያልኩ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ያልሞላኝ ሰው ሞቴን እለምን ነበር።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ ገንፎ ስታጎርሰኝ ከደጅ ሳል ሰማን። ደረቅ፣ ሁለት ጊዜ የተቆረጠ፣ መጨረሻው ላይ ማቃሰት ያለበት። እናቴ ፊቷ በራ። አባትህ መጡ መሰለኝ ብላ ሳህኑን አስቀምጣ ሮጠች። እኔም ፊቴን ለማሳመር በእጄ ጠራረግሁ።

ቆይታ ተመለሰች፣ ብቻዋን። አባቴ አልነበሩም። ከግድግዳው ወዲያ ያለው የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች ክፍል ነው፤ አዲስ በሽተኛ፣ ከአርብ ገበያ የመጣ ነጋዴ ገብቶ ኖሯል። እናቴ ይህን ነገረችኝና ሳህኑን አነሣች። ገንፎው ቀዝቅዟል። ሳሉ እንደገና መጣ። ተያየን። እኔም አወቅሁ፣ እሷም አወቀች፤ ሁለታችንም ማወቃችንን አወቅን። «ብላ እንጂ» አለችኝ፣ በላሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ግድግዳ ሳል በሰማሁ ቁጥር አጎቴ ይመጣብኛል፣ ያላየኋቸው አያቴም ይመጡብኛል። ሁሉንም አቧራ ገደላቸው ብለን ቀብረናል። መኮንን በየቀኑ መርፌዬን ሲወጋኝ ልነግረው አፌን እከፍትና እተወዋለሁ። አባትን፣ ያውም አባ ደመናን፣ በሽተኛ ናቸው፣ ልጃቸውን ያሰናከሉ እሳቸው ናቸው ብሎ ለባዕድ ሰው መናገር አፌ አልደፈረም። ጥምቀትም እየደረሰ ነው፤ አሁን ልጆቹን ሜዳ ላይ አሰልፈው እያሠለጠኑ ነው፤ ጠላው በዋንጫ እየዞረ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ዝም አልኩ። ሕመም መደበቅ የለመደ ሰው የሌላውንም ይደብቃል። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው ለመኮንን የተናገርኩት። እሱም አልተቆጣኝም፤ ወዲያው ለየኔታ ፈንታ ደብዳቤ ጻፈ።

አባቴ በየካቲት መጡ፣ በእግራቸው። ከስተዋል። አጠገቤ ተቀምጠው መጀመሪያ የጠየቁኝ ጣቴ ይነቃነቅ እንደሆነ ነው። አይነቃነቅም አልኳቸው። ከዚያ ሁለታችንም ግድግዳውን አየን።

«አባዬ፣ ያ ሳልዎ አቧራ አይደለም ይላሉ» አልኩ።

«አባቴስ?» አሉ። «ወንድሜስ?»

«እነሱም አልነበረም መሰለኝ።»

«ያንተስ ጀርባ? ከፈረስ አልወደቅህም?»

«ከመውደቄ በፊት ነበር የሚያመኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ ልላቸው ከንፈሬ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እሳቸውም ያልተናገርኩትን ሰምተውት መሰለኝ ዓይናቸውን አነሡ። «ከዋንጫው ከእኔ ቀጥሎ ስንት ልጅ ጠጣ?» አሉና በጣታቸው ስም መቁጠር ጀመሩ። አንዱን እጅ ጨረሱ፣ ሁለተኛውን ጨረሱ። መኮንን ነገሩን ሰምቶ ከዋንጫው ይልቅ የሚያስተላልፈው ትንፋሹና ሳሉ እንደሆነ ቢነግራቸውም መቁጠሩን አልተዉም። ቀና ሲሉ ተነሥተው ወጡ። ሳይመረመሩ ወደ አገር መመለሳቸውን ማታ ሰማን። ተቀይመው ነው ብዬ አለቀስኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የፈረስ ኮቴ ግቢውን ሞላው። አባቴ አሥራ አንድ ልጅ ይዘው መጡ፤ አልጋዬን ባስጠጉልኝ መስኮት በኩል ይታዩኛል። ያንገራገሩትን ልጆች ወላጆቻቸው ፊት እየተንበረከኩ አስፈቅደው ነው ያመጧቸው አሉኝ። አባ ደመና ለሰው ተንበረከኩ ሲባል እኔ የሲማዳ ሰው ነኝና ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። በሜዳው ሥርዓት አሰለፏቸው፤ እያንዳንዱን በስሙ እየጠሩ ወደ ራጁ ክፍል ያስገባሉ። ሦስቱ ተይዘው ተገኙ። እሳቸው የገቡት መጨረሻ ነው። የአንዱ ሳንባቸው እኩሌታ ሄዷል፣ ሌላውም ተነክቷል።

ከግድግዳው ወዲያ አስተኟቸው። አሁን የምሰማው ሳል የእውነት የአባቴ ሆነ። እናቴ ከእኔ ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ እኔ ስትመላለስ ትውላለች፤ የአንዳችንን አጥባ ሳታሰጣ የሌላችን ይደርሳል። ለሦስቱ ልጆችም የምታበስለው እሷ ነበረች።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት መኮንን እግሬን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ ሲያደርግ የቀኝ አውራ ጣቴ ተንቀሳቀሰ። እኔ አላዘዝኩትም። መኮንን ወጥቶ ሐኪሙን ጠርቶ መጣ። እናቴ በግድግዳው ላይ በመዳፏ እየመታች «ነቃነቃት፣ አባ ደመና፣ ነቃነቃት» ስትል ከወዲያ በኩል ሳል ሰማሁ፤ ከሳሉ በኋላ የአባቴን ልቅሶ ሰማሁ። ከዚያ መቀመጥ፣ ከዚያ መቆም፣ ከዚያ በሁለት ምርኩዝ መሄድ መጣ፤ በወራት ነው እንጂ በቀናት አይደለም። ጀርባዬ ጎብጦ ቀረ። ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ ዕድሜ ልኬን ፈረስ ላይ እንዳልወጣ አስጠነቀቀኝ።

አባቴም ዳኑ። መድኃኒቱን አንድ ቀን ሳያስተጓጉሉ ከዓመት በላይ ወሰዱ። ከሦስቱ ልጆች ሁለቱ ዳኑ፤ ሦስተኛው፣ ከሁሉም ጎበዙ፣ ሳሉ ሲተወው ድኛለሁ ብሎ መድኃኒቱን አቋርጦ ሄደና በዓመቱ ሞተ። ይህን የምታነቡ በሽተኞች፣ ሲሻላችሁ አትተዉት፤ ጨርሱ እስክትባሉ ጨርሱ። አባቴ ያን ልጅ ከቀበሩ ወዲያ ሜዳ አልወረዱም። ሜዳው አሁን ምስር ይዘራበታል።

ቤታችን በገባን በሁለተኛው ዓቢይ ጾም እናቴ መክሳት ጀመረች። ጾሙ ነው አለች። ፋሲካ መጣ፣ ጾሙ ተፈታ፣ እሷ አልመለስ አለች። ስትስል አልሰማናትም፤ እንግዳ ፊት እንደሚያስነጥስ ሰው ነጠላዋን አፏ ላይ አፍና ነበር የምትስለው። ነጠላዋ ላይ ደም ያየሁት እኔ ነኝ። በበቅሎ ጫንናት፤ አባቴ ልጓሙን ይዘው፣ እኔ በምርኩዜ፣ ያንኑ የእስቴን መንገድ ወጣን።

ግቢው ሲያያት ተነሣ። ልብስ አጣቢዎቹ አቀፏት፣ አስታማሚዎቹ ጉልበት ሳሙ፣ እትዬ ጥሩነሽ መጡ እያለ ሁሉም ከየክፍሉ ወጣ። መኮንን ካርዷን ሊያወጣ ወደ መደርደሪያው ሄደ። የእኔን አገኘ፣ የአባቴን አገኘ፣ የአሥራ አንዱንም ፈረሰኞች አንድ በአንድ አገኘ። የእሷ የለም። ያን ሁሉ ወር በዚያ ግቢ ስትውልና ስታድር፣ የራጁን ክፍል ደጃፍ በቀን አሥር ጊዜ ስታልፍ፣ አንድም ቀን «አንቺም ግቢና ተመርመሪ» ያላት የለም።

አሁን መናገር ያለብኝን ልናገር። ልጆቹ በተመረመሩ ቀን ሐኪሙ አባቴን ከቅርብ ሰው የቀረ አለ ወይ ብሎ አስጠይቋቸው ነበር። አባቴ በመስኮቱ ወደ ፈረሰኞቹ አመለከቱና ሁሉም መጥተዋል አሉ። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁ፤ ልክ ናቸው ብዬ አመንኩ። እኛ ዘንድ በሽታ ሰውን የሚያገኘው ሜዳ ላይ ነው፣ በሽታ የጋላቢ ነው። ሠላሳ ዓመት አብራቸው ያደረችው ግን የእኔንና የአባቴን ምሳ በሁለት እጇ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

መኮንን አዲስ ካርድ አወጣ፣ ስሟን ጻፈ፣ ከዚያ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምዎት ብሎ ጠየቃት።

እናቴ ዞር ብላ መጀመሪያ አባቴን፣ ቀጥላ እኔን አየች።

«እኔ አስታማሚ ነኝ እኮ፣ ልጄ» አለችው።

ሃያ ቀን ቆየች። አባቴ ውሃ ሲያቀርቡላት ታፍር ነበር፤ እርስዎ ይቀመጡ፣ እኔ እነሣለሁ ትላቸዋለች። በመጨረሻው ቀንም ለመነሣት ሞክራለች።